መካከለኛ ጥፋት

የመንገድ ጥገና ድርጅቱ ታይፒስት በሁለት ዓመት ውስጥ የሠላሳ አንድ ሰው ጥፋት በገዛ እጇ ጽፋለች። ያውም ያላጠፉትን።

ነገሩ ወዲህ ነው። አርብ አርብ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው፣ የያዘውን ጥሎ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ይገባል። አዳራሽ ተባለ እንጂ ድሮ የሬንጅ በርሜል ማስቀመጫ ነበር፤ በሞቃት ቀን አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ሱሪው ትንሽ ይዘገያል። ፊት ለፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ የሦስት ጢማም ሰዎች ፎቶ አለ። የሳምንቱ ሁለት ተረኞች አንድ በአንድ እየወጡ እዚያ ጋ ግለ ሂስ ያቀርባሉ፤ ማለትም ያጠፉትን ጥፋት በራሳቸው አፍ ለጓዶቻቸው ይናገራሉ። ጥፋት የለኝም ማለት አይቻልም። የለኝም ያለ ሰው ትልቁን ደብቋል ማለት ነው፤ ትልቁን የደበቀ ደግሞ ይፈለግለታል።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከበላይ አካል ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሰው ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ክፋቱ ያለው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነበር። እዚያች ሰማያዊ ደብተር ላይ የሰፈረ ነገር ወደ በላይ ይሄዳል፤ ወደ በላይ የሄደ ነገር ደግሞ ሲመለስ መልኩን ቀይሮ ነው።

የታይፒስቷ የመጀመሪያ ደንበኛ ሽማግሌው ተላላኪ ነበሩ። ተራቸው በደረሰ ዋዜማ ወደ ታይፕ ክፍሏ ገብተው በሩን ዘጉና እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ ጥፋት አጣሁ» አሏት። «ደብዳቤ ተቀበል ይሉኛል፣ እቀበላለሁ። አድርስ ይሉኛል፣ አደርሳለሁ። ታዲያ ምኑን ላጥፋው?»

ወረቀት አስገባችና «ደብዳቤ የማድለው በአስቸኳይነቱ ሳይሆን በተቀባዩ ሹመት ቅደም ተከተል ነበር፤ ይህም ካለፈው ሥርዓት የወረስኩት አጎብዳጅነት ነው» ብላ ጻፈችላቸው። ካድሬው ደስታውን መደበቅ አቅቶት አስጨበጨበላቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት ሰው በሯን አንኳኳ።

እንደማንኛውም ሙያ ይኼም የራሱ ጥበብ አለው። ጥፋቱ ትንሽ ከሆነ፣ አረፈድኩ ወይም ስብሰባ ላይ አንቀላፋሁ የሚል ከሆነ፣ ካድሬው ፊቱን ይቋጥርና «ሌላስ?» ይላል። ሌላስ ከተባለ አለቀ፤ የደነገጠ ሰው ያላሰበውን ይዘረግፋል። ትልቅ ከሆነ፣ የውጭ ሬዲዮ ምናምን ያለበት ከሆነ፣ ሰማያዊዋ ደብተር ትከፈታለች። የሚፈለገው መካከለኛ ጥፋት ነው፤ የሦስት ደቂቃ ተግሳጽ፣ አንድ ጭብጨባ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ታይፒስቷ ይህችን መጠን በዓይኗ ትለካት ነበር። ለእንግዳ ተቀባይዋ ግለኝነት ሰጠች። ለቀያሹ ጉራ፣ እሱማ ብዙም ማጋነን አላስፈለገውም። ለሥራ አስኪያጁ ቢሮክራሲ ሰጠችው፤ ቢሮክራሲው ስለጣመው ሦስት ተራ ሙሉ ተናዘዘበት። ለራሷም ተራዋ በደረሰ ቁጥር ቁጡነትን እያፈራረቀች ትጽፍ ነበር፤ ደግነቱ ቁጡ ነሽ ቢሏት የሚጠራጠር አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ ከማንም ምንም አልተቀበለችም። ብትያዝ ግን ምን እንደሚከተል አሳምራ ታውቃለች። ከእናቷ ጋር የምትኖርባት አንድ ክፍል ቤት የድርጅቱ ናት፤ ከሥራ የወጣ ከቤትም ይወጣል፤ እናቷ ደግሞ ጉልበታቸው ከተያዘ ቆይቷል። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሰው ጨዋ ይላታል፤ እሷም ጨዋ መባሉን እንደ ካፖርት ለብሳው ትዞራለች፤ ይሞቃል፣ ትንሽም ይከብዳል።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንምጣ። ቅጽል ስሙ «ፍሬን» ነው። ከመንገዱ ማዶ ዶሮ ካየ ያቆማል። ዶሮዋ ሐሳቧን እስክትወስን ይጠብቃታል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትዳር የለውም፤ የሚተኛው ስድስት የብረት አልጋ ባለበት የወንደላጤዎች ክፍል ውስጥ ነው። ማንበብ የተማረው በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያነባል፤ ግን ፊደሉን እየለቀመ ድምፅ መስጠቱ ጉልበቱን ሁሉ ስለሚወስድበት ያነበበው ነገር የሚገባው ከአንድ መስመር በኋላ ነው። ስለዚህ ተራው ሲደርስ ታይፒስቷ ሐሙስ ዕለት እያነበበች ታስጠናዋለች። ያቺ የሐሙስ አንድ ሰዓት ለሁለቱም ከሚያስፈልገው በላይ ትረዝም ነበር፤ ይኼን ግን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም።

በዚያ ሳምንት ሾፌሩ መስክ ወጥቶ ሐሙስ ሳይመለስ ቀረ። የተመለሰው አርብ፣ ስብሰባው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ነው። በቀጥታ ወደ ታይፕ ክፍሉ ገብቶ ከኪሱ አንድ ክብ ቆርቆሮ አወጣ። አዲስ የጽሕፈት መኪና ሪባን! ታይፒስቷ ሪባን ካየች ዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር፤ ያለውን እየገለበጠች፣ ቀለም እየቀባች ስትጽፍበት ፊደሉ ከወረቀቱ ይልቅ እጇ ላይ ነበር የሚታየው።

«ከየት አገኘኸው?»

«አንድ ወረዳ ላይ ሪባን ተልኮላቸው የጽሕፈት መኪናው ያልተላከላቸው ሰዎች አሉ» አላት። «በፒክአፑ ውሃ ቀዳሁላቸውና ሰጡኝ። ለአንቺ ነው። ማለቴ… ለመሥሪያ ቤቱ። ማለቴ ለአንቺ።»

ፊቷ ሲግል ተሰማት። እሱን እያየች መሳቢያዋን ከፈተችና የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። መሳቢያው ውስጥ የተጣጠፉት ወረቀቶች ሁለት ነበሩ። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የሌላኛው ተረኛ የግምጃ ቤት ኃላፊው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስታ የማታውቅ ሴት በአንድ ሪባን ተሳሳተች። የግምጃ ቤት ኃላፊውም ወዲያው መጥቶ የቀረውን ይዞ ሄደ፤ ደወሉም ተደወለ።

ሾፌሩ ፊት ወጣ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ጣቱን የመጀመሪያው ቃል ላይ አኖረና ጀመረ።

«ጓዶች… እኔ የሴቶችን እኩልነት… በአፌ እየደገፍኩ… በቤቴ ግን ፈላጭ ቆራጭ ነኝ።»

ታይፒስቷ ክው አለች። ሾፌሩ ግን ገና ፊደል ለቀማ ላይ ነበር።

«ባለቤቴ እሑድ ዕለት… ወደ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ… እንዳትሄድ… ጫማዋን አልጋ ሥር… ደብቄባታለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከአጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመውና እሱ ራሱ ፈነዳ። በወንደላጤዎች ክፍል አብረውት የሚተኙት አምስቱ ያንን አልጋ ያውቁታል፤ ሥሩ የመኪና ክራንክና አሮጌ ጎማ እንጂ የሴት ጫማ አይተውበት አያውቁም። ካድሬው ግን አልሳቀም። የሠራተኞችን ዝርዝር ከፍቶ አገላበጠ።

«ጓድ ሾፌር፣ እዚህ ወንደላጤ ትባላለህ። ሚስት አለችህ?»

ያነበበው ነገር ለሾፌሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን አየ። ቀና ብሎ ታይፒስቷን አየ፤ ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጥቷል። ተሳስቼ የሰው ወረቀት ነው ያነበብኩት ቢል ቀጣዩ ጥያቄ ማን ጻፈው እንደሚሆን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። ዶሮ ሲያይ የሚያቆመው ሰውዬ በዚያች ሰዓት ፍሬኑን ለቀቀው።

«አዎ ጓድ» አለ። «ሚስት አለችኝ።»

«የት ነች?»

«አለች።»

«ስሟስ?»

«ስሟን ሳላስፈቅዳት አልናገርም። እኩልነት ነው።»

ካድሬው የሠራተኞቹን ዝርዝር ዘጋ። መልስ ያጣ ባለሥልጣን ቀነ ቀጠሮ ይሰጣል። በመጪው አርብ ሚስቱን በስም ያሳውቅ፤ ካላሳወቀ ጉባኤውን በመዋሸት ለአንድ ዓመት ቆላ ወዳለው የመንግሥት እርሻ ይላካል፤ የሐሰት ግለ ሂስ መነሻውም ይጣራል። ደብተሯ ተከፈተች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ሰው በየአግዳሚው ላይ የየራሱን ዘንዶ ማሰብ ጀመረ። የግምጃ ቤት ኃላፊውማ ወረቀቱን ገለጥ ቢያደርግ «ፒክአፑን ከመጠን በላይ ቀስ ብዬ በመንዳት የሕዝብን ጊዜ አባክኛለሁ» ይላል። እሱ መንዳት ቀርቶ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ያስመልሰዋል። ጉንጩን ይዞ ጥርሴን አለና በሰላም ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ታይፒስቷ ጋራዥ ወረደች። ሾፌሩ ከፒክአፑ ሥር ሁለት እግሩ ብቻ ይታያል።

«ውጣ፣ ላናግርህ።»

«እዚሁ ይሰማኛል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።»

«ተናግረሽ እማማን የት ልታደርጊያቸው ነው?» አለ ከሥር። «እኔ የማጣው አንድ የብረት አልጋ ነው፤ እሱም ይንቋቋል። እርሻው ላይ ትራክተር አለ አሉ። ትራክተር እኮ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ሊያስቃት ነበር ያሰበው። እሷ ግን አለቀሰች፤ እሱ ከመኪናው ሥር ስለሆነ አላየም። ወይም አይቶ ይሆናል፤ የቡሎን መፍቻው ድምፅ ቆሟል።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ በነገር ቸኩለው አያውቁም፤ ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጡና ጠየቁ።

«ቆይ፣ ይኼ ሰውዬ ላንቺ ብሎ ነው ቆላ የሚወርደው?»

«አዎ እማዬ።»

«ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ነው።»

«ባልደረባ እንኳ ብዙ አለሽ። ከእነሱ ውስጥ ቆላ የሚወርድልሽ ስንቱ ነው?»

«እውነቱን ከተናገርኩ ቤቱን እናጣለን» አለች።

«እንግዲህ ዕቃችን አንድ ጋሪ አይሞላ። እኔ እንደሆንኩ የትም ብቀመጥ ጉልበቴ ያው ነው የሚያመኝ። አንቺ ብቻ ኋላ የሚቆጭሽን ነገር እንዳታደርጊ።»

ሐሙስ ከሰዓት ታይፒስቷ አዲሱን ሪባን ገጠመችና የራሷን ግለ ሂስ ጻፈች፤ በአጋጣሚ የዚያ አርብ ቀዳሚ ተረኛ እሷ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠኑን አልለካችም። «በዚህ አዳራሽ የቀረቡትን ግለ ሂሶች በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ምንም ጥፋት የለበትም» ይላል። ፊደሉ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ነበር። ቆንጆ ጽሑፍ ስታይ ደስ የሚላት ሴት በዚህ ግን ደስ አላላትም።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ካድሬው ሾፌሩን ሊያስነሳ አፉን ሲከፍት ታይፒስቷ ቆመች።

«በፕሮግራሙ መሠረት መጀመሪያ እኔ ነኝ ጓድ።»

ፕሮግራም ሲባል ካድሬው ይሸነፋል። ፊት ወጣች። ወረቀቱን ዘረጋችና ቀና አለች። ያኔ ነው አግዳሚዎቹን ያየችው። ተላላኪው አሉ፤ ጡረታቸው ስምንት ወር ቀርቶታል። እንግዳ ተቀባይዋ ሆዷ ገፍቷል። የግምጃ ቤት ኃላፊው ጉንጩን በጨርቅ አስሮ መጥቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ አልፈታውም፣ ለነገሩ። ወረቀቱ የእሷን ጥፋት ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ግለ ሂሶች በሙሉ ሲል ሠላሳ አንዱንም ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው። እንዴት እስከ አሁን አላሰበችውም? ራሷን ለመስጠት ስትጣደፍ ሰውን ሁሉ ልትሰጥ ነበር። ሾፌሩ ከሦስተኛው አግዳሚ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፤ ተዪው ማለቱ ነው።

ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተች። ያለ ወረቀት ተናግራ አታውቅም። እጇ የሚያርፍበት አጥቶ ቀሚሷን ያዘ።

«ጓዶች» አለች፤ «የሾፌሩ ሚስት እኔ ነኝ።»

ሬንጁ ራሱ መሽተት ያቆመ መሰለ።

«ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ልቧም አብሮ ይቀበራል የሚል ኋላ ቀር አመለካከት ነበረብኝ። ስለዚህ ይኼን ሰው ስወደው ደበቅሁ። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ይኸው ግቢ ውስጥ ሰባት መኪና አለ፤ የእሱን ድምፅ ከሰባቱ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከመስክ ተመልሶ በር ላይ ሲደርስ እጄ ፊደል ይስታል፤ ደብዳቤያችሁ ላይ ስርዝ ድልዝ ካገኛችሁ የመጣበትን ሰዓት ተመልከቱ። ሲዘገይ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን እንኳ ይኼን በአፌ አልነገርኩትም። የእኔ ኩራት ተጠብቆ እሱ ብቻውን እዚህ ቆሞ ሲወቀስ አየሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው።»

ካድሬው እርሳሱን አነሳ። ከኋላ አንዷ አፍንጫዋን ሳበች።

«ጫማሽንም ደብቆብሻል?» አላት ካድሬው።

«አንዱን ብቻ ነው ጓድ። እየተሻሻለ ነው።»

«ታዲያ ከስብሰባው ቀረሽ?»

«በነጠላ ጫማ ሄድኩ።»

ካድሬው ሳይወድ ሳቀ፤ ሲስቅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ብቻ መሆኑ ታየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ዞረ።

«ጓድ ሾፌር፣ ሂሱን ትቀበላለህ?»

ሾፌሩ ተነሳ። ዓይኑ እሷ ላይ ተተክሏል።

«እቀበላለሁ።»

«አልተሰማም።»

«እቀበላለሁ! በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ!»

ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንጫጫ፤ ተላላኪው በሁለት እጃቸው ማጨብጨቡ አልበቃ ብሏቸው በእግራቸው ጨመሩበት። ጉባኤው ሦስት ነገር ወሰነ። ሾፌሩ የወንደላጤ አልጋውን ያስረክብ። ባልና ሚስቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በሕጋዊ መንገድ ይመዝገቡ። የእርሻው ጉዳይ ተዘግቷል። ቃለ ጉባኤውን እንደ ወትሮው ታይፒስቷ ትጻፈው ተባለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍሏ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤውን ስትመታ በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ልንገረው?» አለ።

«ለማን?»

«ለካድሬው። ውሸት ነው ልበለውና እኔ ቆላ ልውረድ። እኔን ለማዳን ብለሽ ዕድሜ ልክሽን የማትፈልጊው ነገር ውስጥ አትግቢ። አሁን ብትነግሪኝ አሁን እሄዳለሁ፤ አልቀየምሽም።»

የምር ነበር የሚናገረው። አንዲት ቃል ብትወጣት እንደሚሄድ ከአቋቋሙ ታውቃለች። እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ አንድ እውነት ጽፌ አላውቅም» አለችው። «ዛሬ ግን ያለ ወረቀት ነው የተናገርኩት።»

«ከተናገርሽው ስንቱ ነው ውሸት?»

«መጋባታችንና ጫማው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውን ሰምተሃል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እወደዋለሁ ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ ለብቻህ ልድገምልህ? እወድሃለሁ። በቃ? ግባና በሩን ዝጋው፣ አቧራ ያስገባል።»

ገባና በሩን ዘጋው። ወንበሩን ስቦ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቀርቧት ሲቀመጥ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዟዟረ ትንሽ አሰበና፦

«መጋባታችን እንኳ ግድ የለም» አላት። «በአሥራ አምስት ቀን ይስተካከላል።»